ዶሮውን የት እንደብቀው? ስለ ጓደኝነትና ስለ ልጆች ጥፋት የሚያስቅ የሥዕል መጽሐፍ አሠራር

ለልጆች የሚያስቅ መጽሐፍ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀልድ ሲፈልግ ይውላል። ቀልዱ ሲገኝ ሁለት ልጆች ይጨምርበታል፣ መጨረሻው ላይ ምክር ይለጥፍበታል። መጽሐፉም አንድ ጊዜ ተነብቦ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ልጅ «ድገሚልኝ» የሚለው መጽሐፍ የሚሠራው በሌላ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ልጆች፣ ቀጥሎ ሁለቱም ከልባቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር፣ ከዚያም ያንን ለማግኘት ሲሉ የሚሠሩት ጥፋት። ሳቁ ከጥፋቱ ውስጥ ይወጣል።

ከዚህ በታች ያለው ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን ባለ 32 ገጽ የሥዕል መጽሐፍ ከሐሳብ እስከ ማተሚያ ቤት የሚሄድበት መንገድ ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። አቡሽና ጫልቱ ጎረቤታሞች ናቸው። የአቡሽ አያት እማማ ዘውዴ ለእንቁጣጣሽ አውራ ዶሮ ገዝተዋል። ልጆቹ ዶሮውን ወደዱት፤ ከወጥ ለማዳንም ይደብቁታል።

ጥፋቱን መምረጥ

አማርኛ ለልጅ ጥፋት ብዙ ስም አለው፤ ስሞቹም አንድ አይደሉም። ተንኮል ሌላውን ለመጉዳት የታሰበ ነው። ቅብጠት ደስታ መጠኑን ሲያልፍ ነው። ረብሻ ጩኸት ይበዛዋል። ጥፋት ግን ሳይታሰብም ይደርሳል። ታሪኩ ከተንኮል ከተነሣ፣ የሚሰማው ልጅ ሳያውቀው ከተጎጂው ጎን ይቆምና ሳቁ ይደርቅበታል። ለጓደኝነት መጽሐፍ የሚስማማው በደግ ሐሳብ ተጀምሮ እየተበላሸ የሚሄድ ጥፋት ነው፤ ለመርዳት፣ ለማዳን ወይም ለማስደሰት ብለው የጀመሩት።

ሐሳባችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈትኑት፦ «እገሌና እገሊት ይህንን ለማዳን ብለው ያንን አደረጉ፤ በዚህም ሌላ ጣጣ መጣ።» የእኛው እንዲህ ይሆናል፦ «አቡሽና ጫልቱ ዶሮውን ከወጥ ለማዳን ብለው መሶብ ውስጥ ከተቱት፤ እንግዳ መጣ።» ከድርብ ሰረዙ (፤) በኋላ ያለው ካላሳቃችሁ ወይም «ከዚያስ?» ካላስባላችሁ ሐሳቡን ለውጡ። ይህን ጊዜ መለወጥ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ መለወጥ ግን ወራት ይፈጃል።

ሁለተኛው ፈተና ከሳቅ ይበልጣል። ልጅ ያየውን ይሞክራል። ዶሮን መሶብ ውስጥ ቢከት የሚጎዳው የዕለቱ እንጀራ ነው። ራሱን ፍሪጅ ውስጥ ቢደብቅ፣ ፌስታል ጭንቅላቱ ላይ ቢያጠልቅ ግን ሕይወቱ ያልፋል። ከሰል ምድጃ፣ ክብሪት፣ ነጭ ጋዝ፣ በረኪና፣ መድኃኒት፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ ጉድጓድና በርሜል ሙሉ ውኃ ለቀልድ አይሆኑም። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ «ይህን አታድርጉ» ብሎ መጻፍም አያድንም፤ የአራት ዓመት ልጅ የሚያስታውሰው ሥዕሉን ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ሳቁ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። የሚንተባተብ ልጅ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የአነጋገር ዘዬ፣ የሰውነት ጉዳት፣ የድሀ ቤት የሳቅ መነሻ ከሆኑ፣ መጽሐፉ ክፍል ውስጥ በተነበበ ቁጥር እዚያው የተቀመጠ አንድ ልጅ አንገቱን ይደፋል። ሳቁ በዕቅዱ፣ በዶሮው፣ ሁሉን አውቃለሁ በሚለው ትልቅ ሰው ላይ ይውደቅ።

ሁለቱ ጓደኛሞች

ሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ጠባይ ካላቸው አንደኛው ትርፍ ነው። ልዩነታቸው በጾታ ወይም በልብስ ሳይሆን ችግር ሲመጣ በሚያደርጉት ይታይ። ጫልቱ ሳታስብ ትሠራለች። አቡሽ ሳይሠራ ያስባል፤ በጣቱ እየቆጠረ ዕቅድ ያወጣል። የጫልቱ ጥድፊያ ጣጣውን ያመጣል፣ የአቡሽ ዕቅድ ያባብሰዋል። አንዱን ብናወጣው ታሪኩ የማይቆም ከሆነ፣ ያ ልጅ ገና ሥራ አላገኘም ማለት ነው።

ጓደኝነቱን በቃል አትናገሩት። «በጣም ይዋደዱ ነበር» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ፣ እማማ ዘውዴ «ማነው ይህን ያደረገው?» ሲሉ ሁለቱም በአንድ አፍ «እኔ!» ማለታቸው ይበልጣል። ታሪኩ መሃል ላይ አንድ አጭር ኩርፊያ አስገቡ፤ ከአንድ ጥንድ ገጽ፣ ማለትም መጽሐፉ ሲገለጥ ጎን ለጎን ከሚታዩት ሁለት ገጾች፣ አይለፍ። የኩርፊያው ምክንያት ለትልቅ ሰው ኢምንት፣ ለልጅ ግን ከባድ ይሁን፤ ለምሳሌ ዶሮው ማን ጋ ይደር የሚለው።

ሦስተኛ ሰው አንድ ብቻ ይበቃል። የአክስቱንም፣ የጎረቤቱንም፣ የመምህሩንም ስም ካስገባችሁ የአምስት ዓመት ልጅ ማን ማን እንደሆነ ሲያስብ ቀልዱ ያመልጠዋል። እንግዳ ሲመጣ «እንግዳ» ይበቃዋል።

አምስት ቀን፣ አምስት መደበቂያ

ለሚያስቅ ታሪክ ሰዓት መቁጠሪያ ያስፈልገዋል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ለዚህ የተሠራ የሚመስል ወር አለው፦ ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ናት፣ ትምህርት ቤት የለም፣ በማግስቱ መስከረም 1 ነው። ልጆቹ ቀኑን እየቆጠሩ ይሄዳሉ፣ አንባቢውም አብሮ ይቆጥራል። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣውን ይህችን ቀን «አንድ ቀን ተረፈን!» የሚል ደስታ ልታደርጓት ትችላላችሁ።

ጳጉሜ 1 መሶብ። እንግዳ ይመጣል፣ የመሶቡ ክዳን ራሱን ችሎ ይነሣል።
ጳጉሜ 2 ቁም ሳጥን። ዶሮው የእማማን ነጠላ ተከናንቦ ይወጣል።
ጳጉሜ 3 ሩፋኤል። የሰፈር ልጆች ዝናብ ለመጠመቅ ይወጣሉ። በልጆቹ ጫጫታ የዶሮው ጩኸት አይሰማም፤ ዕቅዱ ይሠራል።
ጳጉሜ 4 ትናንት ጫጫታ ስለረዳቸው፣ ዛሬም ጫጫታ ለመፍጠር ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ፈላጊዋ «አኩኩሉ!» ስትል፣ የተደበቀው ዶሮ «ኩኩሉ!» ብሎ ይመልሳል።
ጳጉሜ 5 እማማ ዘውዴ ዶሮውን አንሥተው ይመዝኑታል። ሳምንቱን ሲሯሯጥ ከስቶ ላባ ብቻ ቀርቶታል። ለወጥ አይሆንም፤ በዓሉ በቅርጫ ሥጋ ይወጣል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ዕቅዱ መሥራቱን ልብ በሉ። ሁሉም ሙከራ ከከሸፈ አንባቢው ሁለተኛው ላይ ጨዋታውን ይደርስበታል፣ ከዚያ በኋላ አይደነቅም። አንድ ድል በመሃል ሲገባ ልጁ ይዝናናል፤ አራተኛው ቀን የሚመጣውም ከዚያ ድል ነው። የየቀኑ ጣጣ ካለፈው ቀን መፍትሔ እንዲወለድ አድርጉ። ቀኖቹን አቀያይራችሁ ታሪኩ ካልተበላሸ አልተያያዙም ማለት ነው፤ እንደገና ሥሩ።

መፍትሔውም ከራሳቸው ከልጆቹ ሥራ ይምጣ። እማማ በድንገት አዝነው ቢምሩት ታሪኩ ይሞታል። ዶሮው የዳነው ስለከሳ ነው፤ የከሳውም ስለደበቁት ነው። ጥፋታቸው ራሱ አዳነው። ቢላዋም በሥዕልም በቃልም አይታይ። ልጆች ጳጉሜ 5 ማታ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ዕውቀቱ ብቻውን በቂ ፍርሃት ነው።

ሳቁን ከአማርኛው ማውጣት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በሌላ ቋንቋ የተሠራ ቀልድ ተተርጉሞ ሲመጣ የሚያነክሰው፣ አማርኛ የራሱ የማሳቂያ ዕቃዎች ስላሉት ነው።

የመጀመሪያው ግሡ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። አማርኛ ዋናውን ነገር እስከ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ያቆያል፤ የሥዕል መጽሐፍ ደግሞ ገጹ እስኪገለጥ ያቆያል። ሁለቱን አጋጥሟቸው። በቀኝ ገጽ ግርጌ፦ «ጫልቱ ዶሮውን ቀስ ብላ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ የእማማ መሶብ ውስጥ…» ገጹ ይገለጣል፦ «ከተተችው!» ልጁ ግሡን ራሱ ለመገመት ይጮኻል። በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ሦስት ጊዜ አድርጉት፤ ከዚያ ካለፈ ይሰለቻል።

ሁለተኛው «አለ» እየተባለ የሚሄደው የግሥ ዓይነት ነው፦ ብቅ አለ፣ ሹልክ አለ፣ ዘጭ አለ፣ ጸጥ አለ፣ እልም አለ። ድምፅም እንቅስቃሴም በአንዲት ቃል ውስጥ አሉ። «ክዳኑ ቀስ እያለ መነሣት ጀመረ፣ ከዚያም ተመልሶ ወረደ» ብሎ ከማብራራት፦

«ክዳኑ ብድግ አለ።
ቁጭ አለ።
እንግዳው ዓይናቸውን አሹ።
ክዳኑ ብድግ አለ።»

በአንድ ጥንድ ገጽ አንድ ዓይነት ብቻ ተጠቀሙ። ዘጭ፣ ጓ፣ ቧ፣ ዷ በአንድ ገጽ ላይ ሲደረደሩ ጩኸት ይሆናሉ።

ሦስተኛው አንቱታ ነው። ብዙ ጸሐፊ ይህን ሀብት ዝም ብሎ ያልፈዋል። ጫልቱ ዶሮን በአክብሮት ካናገሩት ይታዘዛል ብላ ታምናለች። ተራኪው «ዶሮው ጮኸ» ይላል፣ ልጆቹ ግን «ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ!» ይላሉ። ዶሮው ባሰበት ቁጥር አክብሮቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ጫልቱ ተናድዳ «አንተ ዶሮ!» ስትለው ዝም ይላል። ሳቁ የሚመጣው በሁለቱ አጠራር መካከል ካለው ርቀት ስለሆነ፣ ተራኪው ራሱ «ዶሮው ጮኹ» እንዳይል ተጠንቀቁ። እማማ ዘውዴና እንግዳው በተራኪውም በልጆቹም አፍ አንቱ ናቸው፤ እዚያ ላይ አንዴ ብትሳሳቱ የሚያነብላቸው ወላጅ ይቆማል።

አራተኛው የግሡ ጾታ ነው። አንዱ ወንድ ሌላዋ ሴት ከሆኑ ማን እንደተናገረ ግሡ ራሱ ይነግራችኋል፤ «አለ አቡሽ»፣ «አለች ጫልቱ» እያላችሁ ገጹን አትሙሉት።

«በሩን ዝጊ!»
«አንተ ዝጋ፣ እኔ ጋሼን ይዣለሁ።»
«አልያዝሽውም፣ እሱ ነው የያዘሽ።»

አንድም ጊዜ «አለ» የለም፣ ግን ማንም አይሳሳትም። ሁለቱም ወንዶች ወይም ሁለቱም ሴቶች ከሆኑ ይህ አይሠራም፤ ያኔ ለእያንዳንዳቸው የሚታወቁበት አነጋገር ስጡ።

አምስተኛው ማጥበቅና ማላላት ነው። «ገና» ሲላላ «አልደረሰም» ነው፣ ሲጠብቅ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው በዓል። ፊደላችን ልዩነቱን አያሳይም። ብዙዎች ይህን ቀልድ በንግግር ውስጥ ያስገቡና ይከሽፍባቸዋል፤ ምክንያቱም ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው አንዱን መምረጥ አለበት፣ ከመረጠ ደግሞ ቀልዱ አለቀ። ቦታው የተጻፈ ወረቀት ነው። እማማ ዘውዴ ለጎረቤት «ዶሮው ገና ነው» ብለው ብጣሽ ወረቀት ይጽፋሉ። ፊደል እየለየ ያለው አቡሽ አጥብቆ ያነበዋል። «ጫልቱ! ለገና ነው! አራት ወር አለን!» ሁለቱ ሲጨፍሩ ወላጁ ይስቃል፤ ልጁ ደግሞ «ለምን ሳቅሽ?» ብሎ ይጠይቃል፣ አማርኛም በዚያው ይማራል። «ሳለ» ደግሞ በመጥበቅና በመላላት ሳይለይ ብዙ ፍቺ አለው፤ ሥዕልም ይሳላል፣ ቢላዋም ይሳላል፣ ጉንፋን የያዘውም ይስላል። በአንድ መጽሐፍ ግን አንድ እንዲህ ዓይነት ቀልድ ይበቃል።

ስድስተኛው ተቀባይ ያለው ጥሪ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ልጅ መመለስ ያውቃል። የእኛ መጽሐፍ ጥሪ ከድብብቆሹ ይመጣል፦ «አኩኩሉ!» «አልነጋም!» ቢያንስ አራት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በቀኝ ገጽ ግርጌ አስቀምጡት። ሦስተኛው ላይ ልጆች ራሳቸው ይመልሳሉ። አራተኛው ላይ ዶሮው ይቀድማቸዋል።

መጽሐፉን በሙሉ በግጥም መጻፍ አንመክርም። አማርኛ በግሥ ስለሚጨርስ «ሄደ፣ ወረደ፣ ነደደ» እያሉ ቤት ማስመታት ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ታሪኩን ቤቱ ይመራዋል። አንድ የሚዘፈን ባለ አራት ስንኝ በመሃል ይበቃል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ አማርኛ አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ግሥ ስለሚይዝ ትንሽ ቃል ብዙ ይናገራል። በጥንድ ገጽ ከ20 እስከ 30 ቃል፣ በአጠቃላይ ከ300 እስከ 400 ቃል ጥሩ ነው። ከ500 ካለፈ ሥዕሉ የሚናገረውን እናንተ እየደገማችሁት መሆኑን መርምሩ።

32 ገጹን ማከፋፈል

32 የሆነበት ምክንያት የማተሚያ ነው፦ ትልቁ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል፣ ሁለቱ 32 ይሆናሉ። በመሃሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ቁጥር ለአራት መካፈል አለበት። ገንዘብ ካጠረ 24 ገጽም ይሠራል፤ 30 ግን አይሆንም።

ስምንት ኤ4 ወረቀት ደራርባችሁ ከመሃል እጠፉ፤ 32 ገጽ ያለው የሙከራ ደብተር ሆነላችሁ። ቁጥር ጻፉበት። ገጽ 1 ርዕስ፣ 2 የመብትና የአሳታሚ መረጃ፣ 3 መታሰቢያ ወይም ትንሽ ሥዕል። ከ4–5 እስከ 30–31 ድረስ 14 ጥንድ ገጾች አላችሁ። ገጽ 32 ብቻውን ነው፤ ለመጨረሻው ሳቅ የተቀመጠ ስጦታ ስለሆነ በማስታወቂያ አታባክኑት።

የእኛ ክፍፍል ቀላል ነው። ሁለት ጥንድ ገጽ ለመግቢያ (ዶሮው መጣ፤ ለምን እንደመጣ ታወቀ)፣ ለየቀኑ ሁለት ሁለት፣ ይህ 10 ነው፣ ለመደምደሚያ ሁለት። በየቀኑ የመጀመሪያው ጥንድ ዕቅዱን፣ ሁለተኛው ጣጣውን ያሳያል። የገና ወረቀት ጳጉሜ 2 ላይ ይገባል፤ ኩርፊያው የጳጉሜ 4ን የመጀመሪያ ጥንድ ይጋራል። ገጽ 32 መስከረም 1 ንጋት ነው። ጣራ ላይ ዶሮው «ኩኩሉ!» ይላል። ከሁለት ብርድ ልብስ ሥር ሁለት ድምፅ ይወጣል፦ «አልነጋም!» መጽሐፉ እዚያው ያልቃል።

ብዙ ጸሐፊ እዚያ መቆም ያቅተዋል። «ስለዚህ ልጆች፣ ከታላላቆቻችሁ ሳትደብቁ…» የሚል አንቀጽ ይጨምራል። ይህን አንቀጽ ሰርዙት። ልጁ ሁለት ጓደኛሞች ለአምስት ቀን እንዳልተካካዱ አይቷል፤ ሊያገኘው የሚገባውን አግኝቷል። ምክሩ ሲመጣ መጽሐፉ ከጨዋታ ወደ ትምህርት ቤት ይዞራል፣ «ድገሚልኝ» መባሉም ያበቃል። አሳታሚ ወይም መምህር ካስገደዳችሁ፣ የመወያያ ጥያቄዎችን በጀርባ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለወላጅ ጻፉ፤ ታሪኩን ግን አትንኩት።

ከሠዓሊው ጋር

ጽሑፉ የሚለውን ሥዕሉ ከደገመው አንዱ ትርፍ ነው። ሥዕሉ ከጽሑፉ በላይ ይወቅ። በእኛ ታሪክ እማማ ዘውዴ ከጳጉሜ 1 ጀምሮ በየገጹ በመስኮት፣ በበር ስንጥቅ፣ በመስታወት ውስጥ ይታያሉ፤ ሁሉን ያውቃሉ። ጽሑፉ አንድም ጊዜ አይናገረውም። ልጁ ይህን የሚያገኘው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ንባብ ነው፤ ሲያገኘውም መጽሐፉ የእርሱ ይሆናል።

ለሠዓሊው የምትሰጡት ማስታወሻ አንድ ገጽ ይሁን። በየጥንድ ገጹ ምን እንደሚሆን፣ ጽሑፉ የማይናገረው ግን መታየት ያለበት ምን እንደሆነ፣ ቤቱ ምን ዓይነት ግቢ እንደሆነ ጻፉ። ቀለሙንና አቀማመጡን ለእርሱ ተዉለት። ሥዕል ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ እንዲሁም ሲስቅ፣ ሲደነግጥ፣ ሲያኮርፍ የተሣለበት አንድ ወረቀት ይሥራ። ያለዚህ ወረቀት ጫልቱ ገጽ 6 ላይ አምስት ዓመቷ፣ ገጽ 26 ላይ ዘጠኝ ዓመቷ ትመስላለች። ለየልጁ ከሩቅ የሚለይ አንድ ነገር ስጡ፤ ለጫልቱ ቢጫ የዝናብ ቦት ጫማ፣ ለአቡሽ ጆሮ የሚሸፍን የአባቱ ኮፍያ። በየገጹ ለጽሑፍ የሚሆን ሥዕል ያልበዛበት ቦታ ይተው። ይህን ሳይነጋገሩ የሚጀምሩ ሰዎች በኋላ ፊደሉን የዶሮው ጭራ ላይ ለማተም ይገደዳሉ።

ክፍያውን፣ የማረሚያውን ብዛት (ሁለት ዙር የተለመደ ነው)፣ ሥዕሎቹ በሌላ ዕትም፣ በድምፅና ምስል ወይም በልብስ ላይ መዋል ይችሉ እንደሆነ በጽሑፍ ተዋዋሉ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሠዓሊውም ለሥዕሉ መብት አለው። የአገር ተረት የሁላችን ነው፤ አንድ ሰው በራሱ ቃል የጻፈው ተረት ግን የጸሐፊው ነው፣ ሳይጠየቅ አይወሰድም።

ለልጆች አንብቦ መፈተን

በእርሳስ ንድፍ ብቻ የተሠራውን የሙከራ ደብተር ይዛችሁ ከአራት እስከ ስድስት ልጆች ፊት አንብቡ። ቀለም የገባበት ሥዕል አታሳዩ፤ ያኔ የሚያስደስታቸው ቀለሙ ይሁን ታሪኩ አይለይም። ሌላ ሰው ያንብብ፣ እናንተ ጎን ተቀመጡና በየገጹ ምልክት አድርጉ፦ «ሳ» ለሳቁበት፣ «ዝ» ዝም ብለው ለተከተሉበት፣ «ዞ» ዓይናቸው ወደ ሌላ ለዞረበት። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በእኛ አገር ልጅ ለትልቅ ሰው «አዎ» ማለትን ተምሮ ያደገ ነው። ይልቅ «እስቲ ለእኔ ንገሩኝ» በሉ። ዘልለው ያለፉት ክፍል የላላው ነው።

«ዞ» ሁለት ገጽ በተከታታይ ከመጣ እዚያ ላይ ማብራሪያ በዝቷል፤ ግማሹን ቁረጡ። ሳቁ ከገጹ መገለጥ በፊት ከመጣ ሥዕሉ ወይም ቃሉ ቀድሞ አውጥቶታል። ወላጁ ብቻ ከሳቀበት ቀልዱ ለትልቅ ሰው የተጻፈ ነው። አንባቢው የተደናቀፈበትን ቃልም መዝግቡ፤ ብዙውን ጊዜ መጥበቅና መላላቱ ያልለየ ቃል ነው፣ በሌላ ቃል ተኩት። ሦስት የተለያዩ ቡድኖች ይበቃሉ።

ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች፣ በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም፣ አማርኛ ሰምተው የሚረዱ ግን ፊደል የማይለዩ አሉ። ለእነርሱ የወላጅ ድምፅ ነው መጽሐፉ፤ ጥሪና ምላሹን፣ አጭር ዓረፍተ ነገሩን በእነርሱ ላይም ሞክሩ። «መሶብ»ን ካላዩት ሥዕሉ ያሳያቸዋል፤ በጽሑፍ ማብራራት አያስፈልግም።

ፊደልና ማተሚያ

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ የትኛውን እንደምትከተሉ አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለአራሚው ስጡ። «ፀሐይ» ገጽ 8 ላይ፣ «ጸሀይ» ገጽ 20 ላይ ሲገኝ ማንበብ የጀመረ ልጅ ሁለት የተለያየ ቃል መስሎት ይቆማል።

የፊደሉ መጠን ከ18 እስከ 24 ነጥብ ይሁን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነፃ ናቸው፣ ዩኒኮድም (በሁሉም ኮምፒውተር ላይ እኩል የሚነበብ የፊደል ኮድ) ናቸው። የቀድሞዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ የግዕዝ ፊደሎች በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈቱ ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይለወጣሉ፤ ማተሚያ ቤቱ የምንሠራው በእነዚህ ነው ቢልም አትቀበሉ። ጽሑፉን በግራ ብቻ አስተካክሉ። በሁለቱም ጎን ሲስተካከል የአማርኛ ቃላት ረጃጅም ስለሆኑ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። መስመሩን ትንፋሽ በሚያርፍበት ስበሩት፤ አራት ነጥብ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር እንዳይወርድም ተመልከቱ።

ሥዕሎቹ በሚታተሙበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁኑ። ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊሜትር አልፈው ይሣሉ፤ አለዚያ ሲቆረጥ በዳር ነጭ ክር ይወጣል። ፊደልና የሰው ፊት ከዳር ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር፣ ከመሃሉ ማጠፊያም እንዲሁ ይራቁ፤ የዶሮው ምንቃር ማጠፊያው ውስጥ ከገባ ቀልዱም አብሮ ገባ። በስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴና ብርቱካናማ በማተሚያ ቀለም ስለሚደበዝዝ፣ ፋይሉን ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለማት ቀይራችሁ እዩት። ለውስጡ ከ130 እስከ 150 ግራም፣ ለሽፋኑ ከ250 እስከ 300 ግራም ወረቀት ይስማማል። ከዚያ የቀጠነ ከሆነ የኋለኛው ገጽ ሥዕል በፊተኛው ያስተላልፋል፣ ድንቁም ገጹ ሳይገለጥ ይታያል።

የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (አይኤስቢኤን) ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ውሰዱ። ለማተም ገንዘብ ከሌለ ብሉም የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በግዕዝ ፊደል የሥዕል መጽሐፍ አዘጋጅቶ በስልክ እንዲነበብ ለማድረግ ያስችላል፤ ጥሪና ምላሹን በልጆች ድምፅ ቀርጻችሁ ልታስገቡበትም ትችላላችሁ።

ሙሉ ሥራው ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ አሳትማችሁ፣ አጥፋችሁ፣ ሰፍታችሁ ገጽ በገጽ ግለጡት። ቀኝ ገጽ ላይ መሆን ያለበት «አኩኩሉ!» ግራ ገጽ ላይ ወርዶ ከሆነ አንድ ገጽ ተዘልሏል ማለት ነው፤ ያኔ ማሽኑን አስቁሙ።